1089 እና የተፋቀችው ነጥብ

ቅዳሜ

ፋቀቻት። በጥፍሯ ፋቀቻት! በዚያ ሁልጊዜ ቀይ በሚቀባው የአውራ ጣት ጥፍሯ ነጥቤን ከወረቀቱ ላይ ፋቅ አድርጋ ጣለችና "ዝግ ነሽ" አለችኝ። አሥራ ሦስት ሴት ፊት።

ረጋ ብዬ ልጻፈው፤ አለበለዚያ ነገ ለራሴም አይነበበኝም።

ትናንት ዓርብ አስቴር ቤት፣ ሪያድ ሺፋ ሰፈር፣ ተጠርተን ነበር። ሴቶቹ ዓርብ ዓርብ በየተራ እንጠራራለን። አስቴር የሙሉጌታ ታላቅ እህት ናት። ሙሉጌታ ደግሞ የእኔ ነው፤ ቢያንስ እስከ ትናንት ከሰዓት ድረስ የእኔ ነበር። እናት አባት የለውም፤ ያሳደገችው እሷ ናት፤ እሷ ሳታየው ጫማ እንኳ አይገዛም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ አክስቴ ቤት ሽማግሌ ልትልክ ቃል ገብታ ነበር። ስለዚህ ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነበርኩ፤ ሳምቡሳ ጠቀለልኩ፣ ብርጭቆ አጠብኩ፣ የአራት ልጆቿን ፀጉር ሠራሁ። ወንዱን ልጅ ሳይቀር ልሠራው ምንም አልቀረኝ።

ከዚያ እትዬ ብርነሽ ገባች። (በዚህ ደብተር ውስጥ አንቱታው ቀርቶባታል። ፊት ለፊት "እርስዎ" እላታለሁ፤ አክስቴ በሥርዓት ነው ያሳደገችኝ።) መላዝ ሰፈር ከባሏ ጋር ነው የምትኖረው። ሪያድ ከገባች ሃያ ዓመት አልፏታል። ማን ማንን እንዳገባ፣ ማን ማንን እንደተወ፣ ማን በማን እንደሳቀ በቃሏ ታውቃለች። ከሁሉ በላይ ግን የምትታወቀው በ"ዕጣ ቁጥር" ነው። እንዲህ ነው የምታደርገው፦

ሦስት አኃዝ ያለው ቁጥር በልብሽ ያዢ ትላለች። የፊቱና የኋላው አኃዝ አንድ ዓይነት አይሁኑ። ገልብጠሽ ከሥሩ ጻፊው። ከትልቁ ትንሹን ቀንሺ። የቀረውን እንደገና ገልብጪና ከራሱ ጋር ደምሪ። ከዚያ ከትራስ ሥር አስቀድማ የጻፈችበትን ወረቀት ትዘረጋለች፦ 1089። ያንቺም 1089 ከወጣ "ክፍት ነሽ፣ ዕድልሽ ክፍት ነው!" ትላለች፤ እልልታ ይቀልጣል። ደግሞ ሁልጊዜ ይወጣል! ማንም ምንም ቢይዝ። ሁለት ሴቶች ብቻ ናቸው ያልወጣላቸው ይባላል። የእነሱ ታሪክ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው የሚወራው።

ሦስተኛዋ እኔ ሆንኩ።

የያዝኩት 514 ነበር። ለመኖሪያ ፈቃድ አሻራ ልንሰጥ ስንጠብቅ ከሙሉጌታ ጋር የተዋወቅንበት የተራ ቁጥሬ ነው፤ እሱ 515 ነበር። 514፣ ተገልብጦ 415፣ ሲቀነስ 99። እኔ ደግሞ ቁጥር የምጽፈው በዐረብኛ አኃዝ ነው፤ ሰባት ዓመት መሽገል ውስጥ፣ ማለትም በሴቶች ልብስ ስፌት ቤት፣ ልክ ስወስድ ኖሬ እጄ ሌላ አያውቅም። የልብስ ማዘዣ ቲኬታችን ላይ ለእያንዳንዱ ልክ ሦስት ሳጥን አለ። አሠሪያችን መዳም ባዶ ሳጥን ስትተዪ ካየች አለቀልሽ። አንዴ ባዶ በተተወ ሳጥን ውስጥ አንድ ጭረት ገብታ የ99 ዳሌ 199 ሆኖ ድንኳን የሚያህል ቀሚስ ተቆርጧል። ስለዚህ 99 ከሆነ ፊቱ ዜሮ እንጽፋለን። በዐረብኛ አኃዝ ደግሞ ዜሮ ማለት ነጥብ ናት። ትንሽዬ ነጥብ።

ጽፌያታለሁ። ነጥብ፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ። ብርነሽ ወረቀቱን ተቀበለችኝ። አጠጋችው፣ አራቀችው።

"ይቺ ምንድናት? ቆሻሻ ናት?"

አስቴር ከጎኗ "የሳምቡሳዬ ዘይት ይሆናል፣ ይቅርታ" አለች።

ፋቅ! ከዚያ 99 ተገልብጦ 99፣ ሲደመር 198። ብርነሽ ጉንጬን ዳሰስ አደረገችና፣ አቤት ያ ዳሰሳዋ፣ "አይዞሽ እህቴ፣ ዝግ ነሽ። ሁሉም ሰው አይከፈትለትም" አለች።

አስቴር ዓይኗን ከእኔ ላይ አንስታ ሳምቡሳው ላይ ተከለችው።

እሑድ

ሙሉጌታ ጠዋት ደወለ። "አስቱ ትንሽ እንቆይ ትላለች" አለ። ምን ያህል ትንሽ? "እኔ እንጃ፣ ታገሺ።" አንተስ ምን ትላለህ? "እኔማ በቁጥር አላምንም።" ታዲያ? "እሷም አላምንም ነው የምትለው፤ ግን ላለማመንም ይከብዳል ትላለች።"

ሕንጻ ላይ ተንጠልጥሎ ኤሲ የሚገጥም ሰው፣ ከስምንተኛ ፎቅ ቁልቁል ማየት የማይፈራ ሰው፣ እህቱን ፈራ። ስልኩን ዘጋሁበት። በሁለት ደቂቃ ውስጥ መልሼ ደወልኩ። ኸላስ፣ በቃ፣ ይኼ መስመር ይሰረዝ።

አሁን ሱቁ ለሶላት ስለተዘጋ ከኋላ የጨርቅ ጥቅሉ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ብርነሽን የምበቀልባቸው መንገዶች፦

ለዚህ ዓርብ የምትለብሰውን ቀሚስ እኛ ጋ አዝዛለች። (አዎ! ዓርብ ተራው የእሷ ነው።) ወገቡን በሁለት ሴንቲ ማጥበብ። ሳምቡሳ ስትበላ ይተረተራል።

ስፒል መርሳት። አይ፣ ይኼስ ኃጢአት ነው። ትንሽ ስፒልስ?

የወገቧን ትክክለኛ ልክ ለሴቶቹ መናገር። እሷ "ሰማንያ ሁለት" እያለች ነው የምታወራው። ልኩን የወሰድኩት እኔ ነኝ።

ሦስተኛው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አብራኝ የምትሠራው ሀያት፣ የወሎ ልጅ፣ የጥልፍ ማሽኑ የእሷ ነው፣ ዓይኗን አፍጥጣ፦ "ወላሂ ሰኒ፣ የሰው ወገብ አማና ነው፣ አደራ! ነገ እኔም ከአንቺ ጋር ልጣላ እችላለሁ እኮ።"

እውነቷን ነው። የወገብ ልክ ሚስጥር ነው። በሙያዬ አልበቀልም። ሌላ ነገር አገኛለሁ።

ከሰዓት፦ አንድ ነገር እየከነከነኝ ነው። ለምን የእኔ ብቻ? ዕጣ ከሆነ አንዱ 40፣ አንዱ 700 ይወጣለት ነበር እኮ። አሥራ ሦስት ሴት እንዴት አንድ ቁጥር ይደርሳታል? እንኳን ዕጣ፣ አሥራ ሦስት ሴት በሳምቡሳ ቅመም እንኳ ተስማምታ አታውቅም።

ሰኞ

ገባኝ! ገባኝ፣ ገባኝ፣ ገባኝ። ልጮህ ነው።

በተበላሹ ቲኬቶች ጀርባ ከጠዋት ጀምሮ ስሞክር ነበር። 732 ያዝኩ፤ ሲቀነስ 237፣ የቀረው 495። ከ594 ጋር ሲደመር 1089። 825 ያዝኩ፤ የቀረው 297። ከ792 ጋር 1089። ሀያት የልጇን የልደት ቀን ምናምን ገጣጥማ 901 አለችኝ፤ የቀረው 792። 1089! አንዲት ደንበኛ ልብስ ልትለካ ቆማ እያለች እንኳ በልቤ 640 ይዤ ነበር። 1089። "ልቅ ነው" ትለኛለች እኔ "አሪፍ ነው" እላለሁ።

ከዚያ የቀሩትን ብቻ ለይቼ ደረደርኳቸው። ሲቀነስ የሚቀረው ነገር ዘጠኝ ዓይነት ብቻ ነው! ሌላ የለም! ፊተኛው አኃዝ ከኋለኛው በአንድ ከበለጠ 99፣ በሁለት ከበለጠ 198፣ በሦስት 297፣ እያለ እስከ 891። ሁሉም የ99 ብዜት ናቸው። መሃል ያለው አኃዝ ምንም ቢሆን ለውጥ አያመጣም፤ ሲገለበጥም መሃል ነው፣ ራሱ ከራሱ ይቀነሳል።

አሁን ስሚ ደብተሬ። እነዚህን ዘጠኙን በሦስት ሦስት ሳጥን ስጽፋቸው፣ እንደ ቲኬታችን፣ የመሃሉ ሳጥን ሁልጊዜ ዘጠኝ ነው። የፊቱና የኋላው ሳጥን ደግሞ ሲደመሩ ሁልጊዜ ዘጠኝ። አንድና ስምንት። ሁለትና ሰባት። ሦስትና ስድስት። ልክ ከመሃል የታጠፈ ጨርቅ ነው፤ ግራውን ስታሰፊ ቀኙ ይጠባል፣ ጠቅላላ ስፋቱ አይነቃነቅም። ስለዚህ ገልብጠሽ ስትደምሪ በአንድ ቤት ዘጠኝ፣ በአሥር ቤት ዘጠኝና ዘጠኝ አሥራ ስምንት፣ በመቶ ቤት ዘጠኝ። አንድ ሺህ ሰማንያ ዘጠኝ። ዕጣ የለም፣ ክፍት የለም፣ ዝግ የለም። ቅድ ነው! አንድ ቅድ፣ ማንም ቢለብሰው የሚሆን።

የእኔስ? የእኔ 99 ነው፤ በሳጥን 099። የፊቱ ዜሮ፣ የኋላው ዘጠኝ፣ ሲደመሩ ዘጠኝ። ሕጉን አክብሮ ቁጭ ብሏል! 099 ሲገለበጥ 990፣ ሲደመር 1089። ነጥቤ ቦታዋ ላይ ነበረች። ሳጥኗን ይዛ ነበር። ትምህርት ቤት "ፊት ያለ ዜሮ ዋጋ የለውም" ብለው ስላስተማሩኝ ስትፍቃት ዝም አልኩ። ዋጋ የለውም! እስኪገለበጥ ድረስ ነው ዋጋ የሌለው። ሲገለበጥ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ይሆናል።

ዝም ማለቴ ነው ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ።

ሀያት ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። "ይኼ 1089 እኮ ሠላሳ ሦስት ጊዜ ሠላሳ ሦስት ነው" አለች። እንዴት አወቅሽ? መቁጠሪያዋን አሳየችኝ፤ ሠላሳ ሦስት ፍሬ ናት። ልጅ ሆና አባቷ በዚሁ ማባዛት እንዳስተማሯት ነገረችኝ። ሰባት ዓመት አብረን ስንሠራ ይኼን አልነገረችኝም።

"አሁን ምን ልታደርጊያት ነው?" አለችኝ።

"እሰፋዋለሁ" አልኳት።

ማክሰኞ

ሀሳቡ እንዲህ ነው። ብርነሽ ዓርብ ቤቷ ቁጥር ማስያዟ አይቀርም፤ በእሷ ቤት የማታደርገው የት ልታደርገው ነው። ቀሚሱ አረንጓዴ ነው፣ እጅጌው ሰፊ፣ ገበሩ ቀለል ያለ ሐር። በግራ እጅጌው ውስጥ፣ ገበሩ ላይ፣ ከአምባሯ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ሀያት በጥልፍ ማሽኑ 1089 ትጠልፋለች። በዐረብኛ አኃዝ፦ አንድ፣ ነጥብ፣ ስምንት፣ ዘጠኝ። በገበሩ ቀለም ክር፤ ካልገለበጡት አይታይም። ዓርብ ያች ከትራስ ሥር ወረቀቷን ስታወጣ እኔ "እጅጌዎን ይገልብጡት" እላለሁ። ከማክሰኞ ጀምሮ እዚያ እንደነበረ ሁሉም ያያል። ከዚያ ተንኮሏ በራሷ ልብስ ላይ ተጽፎ ትቆማለች።

ሀያት ግማሽ ቀን ተሟገተችኝ። "ኢንሻአላህ ትዋረዳለች፤ ከዚያስ? ሽማግሌው ይመጣል?"

"እሱ ሌላ ነገር ነው።"

"እሱ ነው እኮ ነገሩ ሰኒ።"

ጠለፈችው ግን። ነጥቧ ላይ ስትደርስ "ይቺን ራስሽ" ብላ ተነሣችልኝ። ሰባት ስፌት ሆነች። ጠንካራ ናት። በጥፍር አትፋቅም፤ ሞከርኩት።

ረቡዕ

መጥታ ወሰደችው። ስትለካው መስታወቱ ፊት ዞረች፣ ዞረች። "እጅሽ ይባረክ የእኔ ልጅ! ወገቡ ልክ ሰማንያ ሁለት!" አለች። (አይደለም።) ክንዷን ስታነሣ የእጅጌውን ጫፍ ቶሎ ብዬ አስተካከልኩላት። አላየችውም።

ስትወጣ ጉንጬን እንደገና ዳሰሰችኝ። "ስለዚያኛው ነገር አትዘኚ እሺ? እኔ ምን ላድርግ፣ ቁጥር ነው የሚናገረው።"

ይናገራል። ዓርብ ይናገራል።

ሐሙስ

ሥራ ቀዝቀዝ ብሏል፤ ውጭው አቧራ ነው። ይኼን ቁጥር ልተወው አልቻልኩም። በአንድ፣ በሁለት፣ በሦስት እያልኩ እስከ ዘጠኝ አባዛሁት፦

1089፣ 2178፣ 3267፣ 4356፣ 5445፣ 6534፣ 7623፣ 8712፣ 9801።

ከመጀመሪያው ጀምረሽ አንብቢ፣ ከዚያ ከመጨረሻው ጀምረሽ እየገለበጥሽ ወደ ፊት አንብቢ። ያው ነው! የመጀመሪያው ሲገለበጥ የመጨረሻው ነው። ሁለተኛው ሲገለበጥ ስምንተኛው ነው። መሃል ያለው 5445 ከፊትም ከኋላም አንድ ነው። ቁጥር እንዲህ ያምራል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ይኼን የመሰለ ነገር ይዛ የሰው ዕድል መዝጊያ አደረገችው። ይኼ ራሱ ለብቻው ቂም ያስይዛል።

ሙሉጌታ "ነገ ትሄጃለሽ እንዴ እዚያ ቤት?" ብሎ ጽፎልኛል። አልመለስኩለትም። ይታገስ።

ዓርብ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ

አክስቴ ወጥ ቤት ናት። በሩን ዘግቻለሁ። ሁሉንም እጽፈዋለሁ።

ሁላችንም ነበርን። የካብሳው ሩዝ፣ ተምሩ፣ ሻዩ ቀረበ። አስቴር ስትስመኝ ቶሎ ሳመችኝና ቶሎ ተቀመጠች። ብርነሽ በአረንጓዴው ቀሚስ መሃል ሶፋው ላይ። ጥሪ ላይ አዲስ የሆነች አንዲት ነርስ ነበረች፣ ከመጣች ሁለት ወሯ ነው፤ ከበላን በኋላ ብርነሽ "ያላ፣ ነይ ያንቺን እንይልሽ" አለቻት። ልጅቷ ያዘች፣ ገለበጠች፣ ቀነሰች፣ ደመረች። ብርነሽ እጇን ወደ ትራሱ ሰደደች።

ያኔ ተነሣሁ።

"እትዬ ብርነሽ፣ ትራሱን ይተዉት። የግራ እጅጌዎን ይገልብጡት።"

"ምን አልሽ?"

"እጅጌዎን። ገበሩን።"

ገለበጠችው። ከጎኗ የነበረችው አንገቷን አስግጋ አነበበች፦ "አንድ... ዜሮ... ስምንት... ዘጠኝ! ኧረ በስመ አብ!"

አፌን ከፈትኩ። የተለማመድኩት ነገር ሁሉ ምላሴ ላይ ነበር፤ እኔ ነኝ ያሰፋሁት፣ ማክሰኞ ነው፣ ማንም ምንም ቢይዝ... ብርነሽ አንድ ቃል አላስወጣችኝም። ብድግ አለች፤ ክንዷን ወደ ላይ ዘረጋች፦

"አያችሁ? አያችሁ! ልብሴ ላይ ሳይቀር ወጣልኝ!"

እልልልልል!

አንድ በአንድ እየመጡ እጅጌዋን ይነካሉ። ነርሷ ዓይኗ እንባ አቀረረ። አንዷ ፎቶ ታነሣለች። እኔ መሃል ቆሜ "እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የሰፋሁት!" እላለሁ፤ የሚሰማኝ የለም። አንድ ሳምንት ሙሉ ያዘጋጀሁትን በቀል በወርቅ ሰሐን አቀረብኩላት። ሀያት ይኼን ብትሰማ ማሽኗ ላይ ወድቃ ነው የምትስቀው።

ወጥቼ ልሄድ ነበር። እውነት። ቦርሳዬን አንሥቻለሁ። ግን አስቴር አልተነሣችም፣ እልልም አላለችም፤ እኔን ታየኛለች። ሆስፒታል የሕሙማን ምግብ ክፍል ነው የምትሠራው፤ የየአልጋውን ቁጥር ከየሳህኑ ጋር ስታመሳክር የምትውል ሴት ናት።

"አንቺ ነሽ የሰፋሽው?" አለችኝ ቀስ ብላ።

"ማክሰኞ። ነርሷ ቁጥሯን ሳትይዝ። ልጅቷን ሳላያት።"

"እንዴት አወቅሽ?"

ቦርሳዬን አስቀመጥኩ። ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኋት። "አስቴርዬ፣ አንቺ ያዢ። ደስ ያለሽን። ብቻ የፊተኛው አኃዝ ከኋለኛው በአንድ ይብለጥ።"

796 ጻፈች። 697። ቀነሰች፣ 99። ገለበጠች፣ 99። ደመረች።

198።

ጩኸቱ ቀስ በቀስ በረደ፤ ከአስቴር ጀርባ አጎንብሰው ያያሉ። ብርነሽም መጣች፤ ከልማድ ይመስለኛል፣ ጉንጯን ልትዳስሳት እጇ ተነሣ፦ "አይዞሽ እህቴ፣ ዝ..."

ቆመች።

ከኋላ የሆነች ሴት፦ "አስቴር? የአራት ልጆች እናት ዝግ? እንዲህ ከሆነማ እኔንም ዝጉኝ!"

አቤት ሳቅ! አስቴር ራሷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ብርነሽ ብቻ አልሳቀችም። እኔ ደግሞ፣ ልዋሽ ነው?፣ ያን ፊቷን እያየሁ እንደ ማር ነው የጣፈጠኝ።

ከዚያ ወረቀቱ ላይ ሦስት ሳጥን ሠራሁ። "99 ሁለት ሳጥን ብቻ ነው የሞላው። አንዷ ባዶ ናት። መዳማችን ባዶ ሳጥን አትወድም።" ባዶዋ ላይ ነጥብ አደረግሁ። 099። ገለበጥኩት፣ 990። "ደምሪው አስቴርዬ።"

ደመረች። 1089። እንደገና ደመረች። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀምጣ ነጥቧን በጣቷ አመለከተች።

"ያቺ ወረቀትሽ ላይ የነበረችው... ዘይት አልነበረችም?"

"ዜሮ ነበረች።"

"እኔ ነኝ ዘይት ነው ያልኩት" አለች። "በገዛ አፌ።" ስንለያይ ግን ቀስ ብላ ነው የሳመችኝ።

አሁን ደረጃው ላይ የሆነውን ልጻፍ። ይኼን ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር።

ጫማዬን አድርጌ ስወርድ ብርነሽ ከኋላዬ ወጣች። "ቆይ፣ አንቺ ልጅ።" ልትሰድበኝ ነው ብዬ መልስ አዘጋጀሁ። ሦስት መልስ።

"ሁልጊዜ ነው?" አለችኝ።

"ምኑ?"

"ነጥቧ። ሁልጊዜ መጻፍ ነበረባት?"

"አዎ። የቀረው 99 ከሆነ ሁልጊዜ።"

የደረጃውን ብረት ያዘች። "ይኼን ያስተማረችኝ ድሬዳዋ ጎረቤታችን የነበረች ሴትዮ ናት። ሃያ ዓመቴ ነበር። የእኔን ስትቆጥርልኝ 198 ወጣ። ዝግ ነሽ አለችኝ።" ብረቱን በጣቷ አሸት አሸት አደረገች። "አንድ ሰው ነበር፤ ባቡር ጣቢያ የሚሠራ። አንተንም ከእኔ ጋር አልዘጋህም ብዬ እምቢ አልኩት። እሷ ናት እንዲህ ያለችኝ፤ እኔ ደግሞ አመንኳት።"

ተንኮለኛ ናት ብዬ ነበር እኮ። አንድ ሳምንት ሙሉ ተንኮለኛ ናት ብዬ ነው የጠለፍኩት። እሷ ግን ከልቧ ነበር የምታምነው።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እንዲያውም ግማሹ አካሌ ደስ ብሎት ነበር። ግማሹ ግን ያዘጋጀሁትን ሦስት መልስ ረሳው። ኮስተር ብዬ፦

"198ን ይገልብጡትና እንደገና ይደምሩት" አልኳት።

በከንፈሯ ቆጠረች። 891... ስምንትና አንድ ዘጠኝ... ዘጠኝና ዘጠኝ አሥራ ስምንት... ዓይኖቿ ደረጃው ላይ ቀሩ።

"አንድ መገልበጥ ብቻ ነበር የቀረው?" አለች።

በራሴ አዎ አልኳት። ተመልሳ ገባች። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋች።

ቅዳሜ

ሙሉጌታ ምሳ ይዞ መሽገል በር ላይ መጣ። አስቴር ሁሉንም ነግራዋለች። ቅጣቱን ገና አልጨረሰም፤ ግን ምግቡን ተቀበልኩት።

"እኔም ሞከርኩት" አለ። "በ515። የእኔ ተራ ቁጥር።"

"እና?"

"ሲገለበጥም 515። ሲቀነስ ዜሮ። ምንም የለኝም።" አንገቱን ደፋ፤ ስምንተኛ ፎቅ የማይፈራው ሰውዬ። "ዜሮ ደግሞ በእናንተ በዐረብኛው ነጥብ ናት አይደል? ያቺ የጠፋችብሽ እኔ ነኝ መሰለኝ። ተቀምጬ ነበር፤ ሲፍቁኝ ዝም አልኩ።"

ይኼን ከየት አመጣው? ሀያት ናት የነገረችው ብዬ ጠረጠርኩ፤ በወላሂ ካደች።

"ሽማግሌውስ?" አልኩት።

"አስቱ ምንም አላለችም።"

ምንም አላለችም። ዝም ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ምግቡ ቀዝቅዞ ነበር፤ ጨርሼ በላሁት።

እሑድ

ከአስቴር ምንም። ስልኬን አሥር ጊዜ አየሁት። ሀያት "ብትቀንሺውም ብትገለብጪውም ስልክሽ አይጮህም፣ ሥሪ" አለችኝ።

ሰኞ

ብርነሽ መጣች። ቀሚሱን በከረጢት ይዛለች። ጥፍሯ ቀይ አልነበረም።

ቀሚሱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና የግራውን እጅጌ ገለበጠች። "ፍቺልኝ" አለች።

"እሺ። ሙሉውን?"

"አንዱን፣ ስምንቱንና ዘጠኙን።" ጣቷን አሳረፈችባት። "ነጥቧን ተዪያት።"

ምላጬን አነሣሁ። ስተረትር አጠገቤ ቆማለች። ይቅርታ አላለችኝም፣ እኔም አላልኳትም። ይቅር ብያታለሁም አልልም፤ ጉንጬ ላይ ያ ዳሰሳዋ ገና አለ። አንዱ ወጣ። ስምንቱ ወጣ። ዘጠኙ ላይ ስደርስ ወደ መስታወቱ እያየች፣ እንደ ዋዛ፦

"ለባሌ አስቴር ትናንት ደውላለት ነበር" አለች። "ለዓርብ። ወደ አክስትሽ ቤት ሦስት ሽማግሌ ልልክ ነው፣ መሃል የሚቀመጠው አንተ ሁን አለችው።"

እጄ ቆመ።

"ሂድ ልበለው ወይስ ተው?" አለችኝ።

አሁንም ቁልፉን እጇ ላይ አድርጋ ነው የምትጠይቀኝ! ይቺ ሴት አትለወጥም። መጀመሪያ የመጣልኝ የወገቧን ልክ መናገር ነበር። ቀጥሎ የመጣልኝ የባቡር ጣቢያው ሰውዬ።

"ይምጡ" አልኳት። "መሃል ያለው ምንም ቢሆን ለውጥ አያመጣም።"

ሳቀች። በእውነት ሳቀች፤ እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ዘጠኙን ጨርሼ ቀሚሱን አጥፌ ሰጠኋት፤ ከረጢቷን ይዛ ወጣች።

የዘጠኙን ቁርጥራጭ ክር ከጠረጴዛው ላይ እየጠረግሁ ነው። ዓርብ አራት ቀን ቀረው። እስከዚያ አስቴር ሐሳቧን ልትለውጥ ትችላለች፤ ብርነሽም ልትለውጠው ትችላለች፤ ከሷ ምንም ይጠበቃል። ብቻ ቅድም ቀሚሱን ከማጠፌ በፊት እጅጌውን አንዴ ገልብጬ አየሁት። ነጥቧ ብቻዋን ቀርታለች። ላላወቀ ሰው የክር ፍርፋሪ ናት።

ጥፍሬን አላስጠጋሁባትም።